ሁለት ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር ይዤ ወደ ደማም

ጡት የጣለ የአሳማ ግልገል ምን በልቶ እንደሚያድግ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በኢትዮጵያ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እኛ ዘንድ ሥራው ላይ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዱ ዘበኛ ነው፣ ሌላው ሹፌር ሆኖ እንስሳቱን ባየ ቁጥር ያማትባል። ስለዚህ ውድድሩ ያን ያህል የሚያደክም አልነበረም።

እርባታው ቢሾፍቱ ዳር ነው። ባለቤቷ እትዬ ሙሉ የሚያረቡትን ሥጋ አንድ ቀን ቀምሰው አያውቁም፤ ለቻይና መንገድ ሠሪዎችና ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ይሸጡታል እንጂ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኖውን ስቀምም ኖሬአለሁ። የቅርብ ዓመታቱ ችግር ይህ ነበር፦ ግልገሎቹ የእናታቸውን ጡት በሚጠቡበት ጊዜ እንደ ፊኛ ይነፋሉ፤ ጡት በጣሉ ማግሥት ቆመው ይቀራሉ። ይበላሉ፣ ጨምሩልን ብለው ይጮሃሉ፣ የሚያበቅሉት ግን ሥጋ ሳይሆን ጠጉር ነው። እኔም መጀመሪያ በእናቶቹ አሳበብኩ፣ ቀጥዬ በሐይቁ ንፋስ፣ በመጨረሻም እየመጡ ፎቶ በሚያነሷቸው ቻይናዎች ዓይን።

እትዬ ሙሉ ሰበቤ ሰልችቷቸው ከጥምቀት በፊት ጠሩኝና፣ መጪው ዙር እንዳለፈው ከቀጨጨ ቤቱን ለእንቁላል ዶሮ እንደሚያደርጉት ነገሩኝ። ዶሮ ላይ ደግሞ የሠለጠነ ወንድም ልጅ አላቸው። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ ግልገሎቹ ያድጋሉ፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ።

በዚህ መካከል ነው የኢድሪስ ግብዣ የመጣው። ኢድሪስ የኮሌጅ ጓደኛዬ፣ የወሎ ልጅ፣ ዛሬ ደማም ውስጥ በአንድ የመኖ ፋብሪካ የቀመር ኃላፊ ነው። በባዮኬሚስትሪ ፈተና ከእኔ ገልብጦ እንዳለፈ ለሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ነግሬአለሁ። የፋብሪካው ባለቤት ከኢትዮጵያ ፋጉሎ፣ ዘይቱ የተጨመቀ የኑግ ቅሪት፣ ለማስመጣት አስበው የሚያማክራቸው ሰው ሲፈልጉ ኢድሪስ የእኔን ስም ሰጠ፤ የስድስት ቀን የጉብኝት ቪዛ መጣልኝ። እኔም በበርሜል የቆላሁትን አኩሪ አተር ሁለት ኪሎ በጨርቅ ከረጢት ቋጠርኩ። የግልገሎቹ ዋና ምግብ እሱ ነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ በኢድሪስ ላብራቶሪ አስመርምሬ፣ እንከን የለውም የሚል ወረቀት ይዤ ተመልሼ እትዬ ሙሉ ፊት መዘርጋት።

ማክሰኞ

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ትዕግሥት የምትባል የጎንደር ልጅ ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ አል መዝሩዒያ በሚባል ሰፈር ወዳለችው ማዳሟ የምትመለስ። የመግቢያ ቅጿን ሞላሁላት፤ በምላሹ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ስለ ግልገሎቼ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ የያዘችውን ጭማቂ አስቀመጠችና ግራ ቀኝ አየች።

«ጋሼ፣ እዚያ ስንደርስ ይሄን ወሬ አያውሩ» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ጥጃ ይበሉ። ጥጃ ማንንም አያስቀይምም።»

ምክሯን ወሰድኩ። ባልወስደው ይሻል እንደነበር ዓርብ ላይ ታያላችሁ።

ደማም እቶን ናት ሲሉኝ ስለኖሩ አንድ ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሼ ነበር። በጥር የባሕሩ ንፋስ እንዴት እንደሚገርፍ የነገረኝ የለም። የቢሾፍቱ የማለዳ ብርድ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጋቢ ነው። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ፍተሻው ጋ ስደርስ ጉምሩኩ ከረጢቴን ፈታ፣ አሸተተና «ቡን?» አለኝ። ቡና አይደለም ብዬ የፋብሪካውን ደብዳቤ አሳየሁት። አንድ ፍሬ አንስቶ በፊት ጥርሱ ሰበረ፤ ወዲያው ምላሱን በሶፍት ጠረገና «ማህሩቅ» አለ። ከኋላዬ የነበረችው ትዕግሥት፣ አርሯል ነው የሚለው ብላ አስረዳችኝ። ይቅር አልኩት። በቴምር ያደገ ሰው ስለ ቆሎ ምን ያውቃል?

ኢድሪስ ውጭ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። አቅፎኝ ከመሬት አነሳኝ፤ ያኔ መቅናት ጀመርኩ። በመጀመሪያ በጸጉሩ። እኩያዬ ነው፣ የእኔ ከፊት ሸሽቶ አልቋል፣ የሱ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ጥቁር ነው። ቀጥሎ በመኪናው። የኋላ ወንበሯ ላይ ሦስት እናት አሳማ ሳይነካኩ ይወልዳሉ። ከዚያ በመንገዱ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ራካ ሰፈር እስካለው ቤቱ ድረስ አንዲት ጉድጓድ እንኳን ብፈልግ አጣሁ። እኛ ከእርባታው አስፋልት እስክንወጣ ድረስ የምንነጥረውን ነጥረን እንቁላል ብንጭን ጥብስ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

የኢድሪስ ሚስት ሰዓዳ ሩዝና በግ፣ ሳምቡሳና እርጎ አቅርባ ጠበቀችን። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሁሉ ቡና ይዞ እንደሚመጣ ስለምታውቅ፣ እኛ ስንበላ ከረጢቱን ከሻንጣዬ ላይ አንስታ ወደ ኩሽና ወሰደችው። ከእራት በኋላ ጀበናው ቀርቦ ሲቀዳልን ሽታው እንግዳ ሆነብኝ። ኢድሪስ ፉት አለ፣ ፊቱን ሳያጨማድድ ዋጠ፣ ሲኒውን በእርጋታ አስቀመጠ።

«ሰዓዳ፣ ይሄ ቡና አይደለም» አላት። «አኩሪ አተር ነው።»

ሰዓዳ ደንግጣ ጋሽ ዘሪሁን ይቅር በሉኝ፣ ክብ መሆኑ ገርሞኝ ነበር፣ ግን እንዲህ ያረረ ነገር ቡና ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። ኢድሪስ አልሳቀም፤ ሲኒውን አየ፣ እኔን አየ። በአቆላሌ ቀናብኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ ቁርሴ ፉልና ዳቦ ነበር። የእኛ ሰፈር ፉል ውስጥ ባቄላውን በፋኖስ ነው የምትፈልገው፤ እዚህ ማንኪያህ ቆሞ ይቀራል።

ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሦስት ፎቅ የሚያህል ማደባለቂያ አላቸው፤ እኔ በአካፋ ነው የማደባልቀው። አኩሪ አተራቸው በመርከብ ይመጣል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ቴርሞሜትሩ ግድግዳው ላይ ቁጥሩን ያበራል፤ የእኔ ቴርሞሜትር አፍንጫዬ ነው። ጫጩቶቹን አሳዩኝ። በአምስት ሳምንት ለእርድ ይደርሳሉ። የእኔ ግልገሎች በአምስት ሳምንት የሚጨምሩት ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነው። ጫጩት ላይ መቅናት ለአንድ የተማረ ሰው የሚያሳፍር ነገር ነው፣ እኔ ግን ቀናሁ። በተለይ አንደኛው በእግሩ ጫማዬን ረግጦ ሲያልፍ ሆነ ብሎ መሰለኝ።

እንደ መጋዘኑ ግን ያንገበገበኝ የለም። እስከ ጣሪያ ድረስ የተደረደረ ነጭ ከረጢት ሲያሳየኝ ኢድሪስ ስኳር ይመስል በእጁ መታ መታ አደረገው። ላይሲን ነው። ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ፕሮቲን የምንለው ከሃያ ገደማ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ የተወሰኑትን እንስሳው ራሱ ይሠራል፣ ሌሎቹን ከምግብ ካላገኘ አይሆንለትም። በእህል ላይ ለሚያድግ ግልገል ከሁሉ ቀድሞ የሚያጥረው ላይሲን ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ለመቶ ኮት የሚበቃ ጨርቅ ኖሮት ቁልፉ ለአምስት ብቻ ቢበቃው፣ አምስት ኮት ይሰፋል። የቀረውን ጨርቅ ግልገሉ በሽንቱ ያወጣዋል። እኛ አገር ይህን ዱቄት ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ነው እኔ ላይሲን ከአኩሪ አተሬ የምጠብቀው።

እኔ የምመኘው በጭልፋ ነው፣ እሱ በመጋዘን አለው። ኢድሪስ ዞር ሲል አንድ እፍኝ ዘግኜ ኮት ኪሴ ጨመርኩ። ኮቱ ደግሞ ብርዱን አይቶ ያዋሰኝ የራሱ የኢድሪስ ነው። ለምን ወሰድኩት? አንድ እፍኝ አንድ ግልገል እንኳን አያሳድግም። እሱ ላይ እንዲጎድል ፈልጌ ነው።

ከሰዓዳ የተረፈውን አኩሪ አተሬን ለላብራቶሪው ሰው ለቶማስ አስረከብኩ፤ ከኬረላ የመጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ሐሙስና ዓርብ ላብራቶሪው ዝግ ነውና ውጤቱ ቅዳሜ ይደርሳል አለኝ። ከአገሬ የተሰጠኝን የምርመራ ወረቀትም በኩራት ሰጠሁት፤ የአኩሪ አተሬ ፕሮቲን ሙሉ ነው ይላል። አንብቦ መለሰልኝ። ይሄ ስንት እንዳለ ይናገራል፣ ስንቱ እንደሚጠቅም አይናገርም አለ። ሳይገባኝ ገባኝ አልኩት።

ሐሙስ

የፋብሪካው የእረፍት ቀን ነው። ኢድሪስና ሰዓዳ ማለዳ ተኝተው ስለነበር ብቻዬን ለመንሸራሸር ወጣሁ። በደማምና በጎረቤቷ ከተማ በኮበር መካከል ለመንሸራሸር የወጣ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። እኛ አገር በእግሩ የማይሄድ ሰው ምን ሆነ ይባላል፤ እዚያ የሚሄድ ሰው ነው ምን ሆነ የሚባለው። የራካ አጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ቡኒ ነው፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ብረት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠፋሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመን ድንበር የደረስኩ መሰለኝ።

የፖሊስ መኪና ጎኔ ቆመች። ኢቃማ አሉኝ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለታቸው ነው። ኢቃማ የለኝም፣ እንግዳ ነኝ፣ ፓስፖርቴ ቤት ነው። ኪሴን እንድፈትሽ ሲያመለክቱኝ እጄን ከተትኩ፤ ሲወጣ እስከ አንጓዬ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ሁለቱ ፖሊሶች ተያዩ። በዚያች ቅጽበት ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ምንድን ነው ሲሉኝ ላይሲን አልኩ፤ የበለጠ አስደነገጣቸው። ንጹሕነቴን ለማስረዳት ጣቴን ላስኩ፤ ያ ደግሞ ይባስ አደረገው። በመጨረሻ የትዕግሥት ምክር ትዝ አለኝና በእጄ ቀንድ ሠርቼ እንደ ጥጃ እምቧ አልኩ።

ትንሹ ፖሊስ ሳቁን መቋቋም አቅቶት ፊቱን አዞረ። ትልቁ የኢድሪስን ስልክ ቁጥር ተቀብሎ ደወለ። ኢድሪስ በቤት ጃላቢያው መኪናውን እያከነፈ እስኪደርስ ድረስ መኪናቸው ውስጥ አስቀምጠው ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝ፤ ብርድ ላይ ቆመህ አትጠብቅም አሉኝ። ኢድሪስ መታወቂያውን አሳየ፣ ዱቄቱን አሸተተ፣ የዶሮ መኖ መሆኑን አስረዳና ከእነሱ ጋር ተሳስቆ ተሰናበተ። በመኪናው ውስጥ ለምን ሰረቅከኝ ብሎ አልጠየቀኝም። ብትነግረኝ ኖሮ በኪሎ እሰጥህ ነበር ነው ያለኝ፣ በለስላሳ ድምፅ። እንዲህ በቀላሉ ለጋስ በሚሆን ሰው ላይ የሚቀናው ቅናት ከሁሉ የከፋው ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮበር ሄድን። የባሕሩን ዳር ብዙ ሰው ጽፎታል፣ እኔ አልደግመውም። አል ዑለያ በሚባለው የገበያ ሰፈር ሰዓዳ ለእኔ ሹራብ ስትመርጥ ሁለቱ በቀለም ተከራክረው ሲሳሳቁ አየሁ። እኔና ባለቤቴ በቀለም የተከራከርንበትን ጊዜ ለማስታወስ ስሞክር ሱቁ ለሰላት ተዘጋ።

ዓርብ

የፋብሪካው ባለቤት አቡ ናስር ምሳ የጋበዙን ከከተማ ወጣ ባለ የእረፍት ቤታቸው ነው። ስድሳ የተሻገሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዓርብን እንደምጾም ኢድሪስ አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ በበግ ፈንታ ክንዴን የሚያህል ዓሣ በሩዝ ላይ ተጋድሞ ቀረበ። ዓሣ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ ቀረብኩ። አቡ ናስር ከሆዱ በኩል ለስላሳውን እየፈለጡ ወደ እኔ ይገፋሉ፣ አጥንቱን ወደ ራሳቸው።

የፋጉሎውን ጉዳይ ከጨረስን በኋላ በእንግሊዝኛ ምን ዓይነት እንስሳ እንደምቀልብ ጠየቁኝ። ጥጃ አልኳቸው። ኢድሪስ በእፎይታ ተነፈሰ። በስንት ጊዜ ጡት እንደማስጥል ጠየቁ፤ በስድስት ሳምንት አልኳቸው። ጥሩ ነው አሉ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ እኔ እኔ አልሆንም ነበር።

«ችግራችን ብዛታቸው ነው» አልኩ። «አንዷ እናት አሥራ ሁለት ስትወልድ ጡት አይዳረስም።»

ኢድሪስ ሩዝ ትን አለው። አቡ ናስር እጃቸውን ከሳህኑ ላይ አነሱ።

«አሥራ ሁለት ጥጃ? በአንድ ጊዜ?»

የተሳሳትኩትን ማረም ሲገባኝ የቆየ ልማዴ ያዘኝ። «አንዳንዴ አሥራ አራት» አልኩ።

አቡ ናስር ማሻአላህ አሉ። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ጺማቸውን ዳበሱ። እኔ ላቤ በሰዓዳ ሹራብ ውስጥ ይወርዳል።

«በወጣትነቴ ውጭ አገር የመኖ ትምህርት ተምሬአለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አስተማሪዬ ያንተ ዓይነት ጥጆች ነበሩት። ስለ ላይሲን ከምናውቀው ብዙው ከእነሱ የተገኘ ነው። በልቻቸው አላውቅም፣ አልበላቸውምም። ስለ እነሱ ግን ሌሊት ሙሉ አንብቤ ተፈትኛለሁ። የመጣህበትን ጥያቄ ሳታፍር ጠይቀኝ።»

ያን ጊዜ የምገባበት ቀዳዳ ብፈልግ ከምንጣፉ በስተቀር አልነበረም። ጠየቅኳቸው። ጡት ከጣሉ በኋላ ለምን እንደሚቆሙ፣ እትዬ ሙሉ ምን እንዳሉ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። አኩሪ አተሩን ማን እንደሚቆላው ጠየቁ፤ እኔው ራሴ አልኩ በኩራት። እስከ ምን ድረስ አሉኝ።

«ሽታው ጎረቤት እስኪጠራ ድረስ።»

አቡ ናስር ኢድሪስን አዩት፣ ኢድሪስ ሳህኑን አየ። እስከ ነገ እንጠብቅ አሉና ሌላ ዓሣ ፈለጡልኝ።

ቅዳሜ

ቶማስ ሁለት ብርጭቆ አሰልፎ ጠበቀን። በአንዱ የፋብሪካው አኩሪ አተር፣ በሌላው የእኔ፤ ሁለቱም ተፈጭተው በፖታሽ ውኃ የተበጠበጡ። የእነሱ ውኃው ወተት መስሏል። የእኔ ከላይ ንጹሕ ውኃ፣ ከታች ደግሞ ቡናማ አሸዋ ነበር። ቶማስ የእኔን ብርጭቆ አንስቶ ነቀነቀው። አሸዋው ተነሣና መልሶ ተኛ።

ኢድሪስ ወንበር ስቦ ጎኔ ተቀመጠ። «ደህና የበሰለ ከሆነ ፕሮቲኑ ይሟሟል» አለኝ። «ያንተ አልሟሟም። ፕሮቲኑ አለ፣ ወረቀትህ አልዋሸም። ላይሲኑ ግን በእሳቱ ብዛት ከስኳሩ ጋር ተጣብቋል። ግልገሉ ሊፈታው አይችልም።»

«ጥሬው ይጎዳል እኮ፣ አንተም ታውቃለህ።»

«ይጎዳል። ግን አንተ ቆሎ ነው የቆላኸው። ለራስህ አፍ ነው የጣፈጠው።»

ትክክል ነው። በበርሜሉ ላይ ቆሜ አንድ አንድ እያነሣሁ እየቆረጠምኩ፣ ለምላሴ ሲጥም ነበር አውርዱ የምለው። ግልገሎቼ በእኔ ምላስ ምክንያት ሲቀጭጩ፣ እኔ በቻይናዎች ዓይን ሳሳብብ ኖሬአለሁ። ጥሬው ሽታ ጠፍቶ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ሊያዘነብል ሲል አውርዶ ወዲያው መዘርጋት ነው አለኝ፤ በርሜል ውስጥ የተከመረ ከወረደም በኋላ ማረሩን አይተውም።

«በፈተናው ላይ ጥያቄ ቁጥር አራት ነበረች» አለ ኢድሪስ ፈገግ ብሎ። «ከእኔ ስትገለብጥ እሷን ዘለሃታል።»

ቶማስ አማርኛ ስለማያውቅ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ከዚያ ኢድሪስ ፊቱ ተለወጠ። ይህን ሁሉ ጽፌልህ ነበር እኮ አለኝ። ስለ ግልገሎቹ በስልክ ሳማርር ሰምቶ፣ ዘጠኝ ገጽ በእጁ ጽፎ፣ በትልቅ ቡናማ ፖስታ አድርጎ፣ በሐዋ እጅ ልኮልኝ ኖሯል። ሐዋ የሰዓዳ አክስት ልጅ ናት፣ ኮበር ቤት ሠራተኛ፤ ያኔ ለእረፍት አገር ትገባ ነበር። እኔ መልስ ሳልሰጥ ስቀር ጠይቋት፣ ወላሂ በእጁ ሰጥቼዋለሁ ብላ ምላለታለች።

«ደርሶሃል?» አለኝ።

«አልደረሰኝም» አልኩት።

 ስልኩን አውጥቶ ለሰዓዳ ደወለ። የምትለው አይሰማኝም ነበር፤ የሱን ብቻ ነው የሰማሁት። አልደረሰውም፣ አዎ፣ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ አላውቅም ምን እንዳደረገችው።

እኔ ወጥቼ ለእትዬ ሙሉ ደወልኩ። በርሜሉን ዛሬውኑ ያስቁሙ፣ እኔ እስክመጣ ማንም አኩሪ አተር እንዳይቆላ አልኳቸው። ምን ተገኘ ሲሉኝ፣ አቆላሉ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አድርጌአለሁ አልኩ።

በዚያ ቀን እራት ላይ ሰዓዳ እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። ከሐዋ ጋር በስልክ ተነጋግረው ኖሯል። ሐዋ አልቅሳ፣ ካላመናችሁኝ ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ በእኔ እጅ ምንም እንዳትልኩ ብላ ዘግታባታለች። ሰዓዳ ይህን የነገረችኝ እኔን ላለማስጨነቅ በለዘበ ድምፅ ነው። ዋሽታ የምታውቅ ልጅ አልነበረችም ጋሽ ዘሪሁን፣ ምን እንደነካት አላውቅም አለችኝና ሩዝ ጨመረችልኝ። ሩዙን በላሁ።

እሑድ

አቡ ናስር ከሙሉ የጉምሩክ ወረቀቱ ጋር አምስት ኪሎ ላይሲን ላኩልኝ፤ በላዩ ላይ «ለጥጆቹ» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈውበታል። ኢድሪስ አንገቱ ረጅም የሆነ፣ ክምር ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ሰጠኝ። ሰዓዳ ለባለቤቴ ሻርፕ፣ ለእኔ የመንገድ ሳምቡሳ ቋጠረች። ኮቱን ልመልስለት ሳወልቅ ኢድሪስ መልሶ ትከሻዬ ላይ አደረገው። አገርህ ይሞቃል፣ እስከ አውሮፕላኑ ግን ይበርድሃል አለኝ። አብሽር፣ ግልገሎቹ ያድጋሉ ሲልም ጨመረ።

አድገዋል። በአዲሱ አቆላል የመጀመሪያው ዙር ጡት ከጣለ በሁለተኛው ሳምንት ጀርባቸው መክበብ ጀመረ፤ በሦስተኛው በር ሲከፈት ሹፌራችንን ጥለውት አለፉ። እትዬ ሙሉ መጥተው በአጥሩ ላይ ተደግፈው አዩ፣ አማተቡ፣ እጃቸውን በአንደኛው ጀርባ ላይ አሳረፉና ይቆዩ አሉ። የዶሮው ነገር ቀረ። እንዴት አገኘኸው ብለው ሲጠይቁኝ፣ በምርምር አልኳቸው።

አሁን ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ወደሆነው ነገር ልምጣ። ፖስታው ደርሶኛል። ሐዋ ከዓመት ከአራት ወር በፊት፣ በፀሐይ፣ ከአዲስ አበባ በሁለት ታክሲ ቢሾፍቱ ድረስ መጥታ በር ላይ በእጄ ሰጥታኛለች፤ ውኃ እንኳን ሳትጠጣ ተመልሳለች። ወፍራም ስለነበር የኢድሪስ አዲስ ቤት ፎቶ መስሎኝ፣ የሱን ደስታ ላለማየት ብዬ ሳልከፍተው ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። ከደማም በተመለስኩ ቀን አውርጄ ከፈትኩት። ፎቶ የለበትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ቆሎ እንዳታደርገው የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፣ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ለኢድሪስ ደውዬ እስካሁን አልነገርኩትም። ይህ ሲታተም አንድ ቅጂ እልክለታለሁ፤ ለሰዓዳም ያንብብላት፣ ለሐዋም። ሐዋ አድርሳለች። ያልከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ቀንቼ ነው።